የወንድሜ ጀርባና የእኔ ደብተር

ወንድሜ ጠዋት ከመደቡ ተነስቶ ቀጥ ብሎ ለመቆም አርባ ደቂቃ ይፈጅበት ነበር። በግምት አይደለም፤ በሰዓት ይዤዋለሁ። መጀመሪያ በጎኑ ይዞራል። ከዚያ እግሮቹን አንድ በአንድ ያወርዳል። ከዚያ ሁለት እጆቹን ጉልበቶቹ ላይ ተክሎ፣ ከባድ ሸክም እንደሚያነሳ ሰው ራሱን ያነሳል። ከቆመ በኋላም እስከ በሩ የሚሄደው ጎንበስ ብሎ ነው። ያኔ ሃያ ዘጠኝ ዓመቱ ነበር።

እኔ የቀናሁት በዚህ ሰው ነው።

ነገሩን ከሥሩ ላስረዳ። እኔ ፍኖተ ሰላም ከተማ የሁለተኛ ደረጃ የባዮሎጂ መምህርት ነኝ። ወንድሜ የሚኖረው ከማንኩሳ የአንድ ሰዓት የእግር መንገድ በሚርቀው የአባታችን ቤት ከሚስቱ ጋር ነው። አባታችን ገበሬም መሪጌታም ነበሩ። ከሰዓት በኋላ ከእርሻ ሲመለሱ ወንድሜን ጎተራው ጥላ ሥር አስቀምጠው ዜማ ያስጠኑታል። እኔ ከጎተራው ማዶ ተቀምጬ በርበሬ እቀነጥሳለሁ። ጣቴ ይቃጠላል፣ ጆሮዬ ግን ሥራ አልነበረበትምና የሚባለውን ሁሉ ይይዛል። ወንድሜ ሲሳሳት አባታችን መዳፋቸውን ጀርባው ላይ ያሳርፉና «ቀና በል፤ ድገመው» ይሉታል። አንድ ቀን አንድ ስንኝ ጠፋበት። ሁለቴ ጀመረ፣ ሁለቴ ተሰናከለ። ከጎተራው ማዶ ሆኜ ጨረስኩለት።

አባታችን ሳቁ። «ኧረ ጎተራው ዜማ ያውቃል!» አሉ። ከዚያ መዳፋቸውን መልሰው ወንድሜ ጀርባ ላይ አሳረፉና «ድገመው» አሉት፤ እሱን።

ስምንት ዓመቴ ነበር። ከዚያ ወዲህ በትምህርት ቤት አንደኛ ወጥቻለሁ፣ ተመርቄያለሁ፣ ተቀጥሬያለሁ፤ አባታችን ሁሉንም ሲሰሙ «ጎበዝ» ብለዋል። መዳፋቸው ግን ጀርባዬን አያውቀውም። ሲያርፉ መቋሚያቸውና ጸናጽላቸው ለወንድሜ ሆነ፤ ማንም ማንንም አልጠየቀም። ለእኔ የእጅ ሰዓታቸው ደረሰኝ። ለወንድሜ የቤተ ክርስቲያኑ ደወል ይበቃዋል ተብሎ ነው።

አባታችን በመጨረሻ ዘመናቸው ጎብጠው ነበር። አንገታቸው አይዞርም፤ አጠገባቸው የተቀመጠ ሰው ሲጠራቸው መላ አካላቸውን ይዘው ነው የሚዞሩት። አንድ ዓይናቸውም በየጊዜው እየቀላ ያሰቃያቸው ነበር። ሰው ሁሉ «ሲያገለግል የጎበጠ ጀርባ ነው» ይላል። ወንድሜ ጠዋት ጠዋት መድረቅ ሲጀምር ደግሞ ከቤተ ክርስቲያኑ በር ያሉ ባልቴቶች «ቁርጥ አባቱን! ጀርባውን እንኳ ወረሰ እኮ» አሉ። እኔ ደግሞ ቀጥ ብዬ በመካከላቸው አልፋለሁ። ቀጥ ማለቴን ማንም አላየልኝም።

በክረምቱ ዕረፍት ቤት ሁለት ወር ስከርም ደብተር ገዛሁና አራት ዓምድ አሰመርኩ፤ ቀን፣ የተነሳበት ሰዓት፣ ያን ቀን የሠራው ሥራ፣ ከአሥር የሚሰጠው የሕመሙ መጠን። በሰማያዊ እስክሪብቶ እጽፋለሁ፣ በቀይ አሰምራለሁ። ወንድሜ መጀመሪያ ሳቀብኝ።

«እህትዓለም፣ እኔም ተማሪሽ ሆንኩ?»

«ዝም ብለህ ቁጥሩን ንገረኝ።»

«ዛሬ ሦስት።»

«ትናንት ሰባት አልነበረም? ሌሊቱን ሙሉ ማኅሌት ቆመህ፣ ሰግደህ መጥተህ ሦስት?»

«ስቆምና ስሰግድ ይለቀኛል። ስተኛ ነው የሚይዘኝ።»

ይህ ዐረፍተ ነገር ደብተሬ ላይ አለ። ቀኑም አለ። በየእሑዱ ሦስት፣ ሁለት፣ ሦስት፤ በየሰኞው፣ ዐርፎ በዋለ ማግስት፣ ሰባት፣ ስምንት። ይህን አይቼ ምን እንደደመደምኩ ልንገራችሁ። ሰው ሲያመሰግነው ሕመሙን ይረሳል ብዬ ደመደምኩ። «ሲሞቅህ አይሰማህም እንጂ እየጎዳህ ነው» አልኩት። የተሰበረ አጥንት ዕረፍት እንደሚፈልግ ለተማሪዎቼ አስተምራለሁ፤ ወንድሜም እንደተሰበረ አጥንት ነው ብዬ አሰብኩ። ቁጥሮቹ ሌላ ነገር ይናገሩ ነበር። እኔ ግን እንዲናገሩ የፈለግኩት አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ማኅሌቱ ይጎዳዋል የሚል።

ሁዳዴ ሊገባ አንድ ሳምንት ሲቀረው ወደ ንስሐ አባታችን ሄድኩ። አባታችንንም እናታችንንም የናዘዙ ሽማግሌ ቄስ ናቸው። ከአጥሩ ሥር ፀሐይ ሲሞቁ አገኘኋቸው።

«አባታችን፣ ይፍቱኝ።»

«እግዚአብሔር ይፍታሽ። ምነው፣ ትምህርት ተዘጋ እንዴ?»

«ስለ ወንድሜ ነው የመጣሁት። ይጹም፤ ግን ከስግደቱና ከማኅሌቱ ይፍቱት። ጀርባው ዕረፍት ይፈልጋል።»

«ሐኪም ነው ያለው?»

«ሐኪም አላየውም። ግን እኔ ይህንኑ ነው የማስተምር።»

ጢማቸውን ነካኩ። «አባቱም እንዲህ ሆነው ነበር፤ አልተኙም» አሉ። ከዚያ «እንግዲህ እናንተ የተማራችሁት ታውቃላችሁ» ብለው ፈቱት።

ወንድሜ አልተከራከረም። ከንስሐ አባት የወጣ ቃል ነው። መቋሚያውን አንስቶ ግድግዳው ላይ ሰቀለው። «እሺ፣ እህትዓለም። አንቺ ተምረሻል» አለኝ። የሚስቱ ፊት ጨለመ። እኔ መቋሚያው ምስማር ላይ ሲንጠለጠል ያየሁ ቀን ምሳዬን ጥርግ አድርጌ በላሁ። ይህንንም ሳልደብቅ መጻፍ አለብኝ።

እሱ ተኛ። በሁለተኛው ሳምንት ለመነሳት ሃምሳ ደቂቃ፣ በአራተኛው አንድ ሰዓት ከአሥር ደቂቃ ፈጀበት። ቅዳሜ ቅዳሜ ከፍኖተ ሰላም እየመጣሁ ደብተሩን እሞላለሁ። ሚስቱ አንድ ቀን የምጽፍበትን እጄን እያየች «ይኸ ደብተር ከገባ ወዲህ እኮ ነው የተኛው» አለች። እኔ በሽታው በራሱ መንገድ እየገፋ እንደሆነ ላስረዳት ሞከርኩ። ጀርባዋን ሰጥታኝ ወደ ማጀት ገባች።

በአምስተኛው ሳምንት ግራ ዓይኑ ደም መሰለ። ብርሃን ያመዋል፤ በር ሲከፈት ፊቱን በነጠላ ይሸፍናል። ጠበል ተጠመቀ፣ አልተሻለውም። መንገዱ ክፍት በሆነ ቀን ማለዳ ሚኒባስ ይዘን ወደ ባሕር ዳር ሄድን። ደብተሩን ቦርሳዬ ውስጥ አደረግሁ፤ ለምን እንደሆነ አላውቅም፣ ያለ ደብተር የትም አልሄድም።

መቀመጥ ለእሱ ቅጣት ነበር። ቡሬ ስንደርስ ወርዶ ሚኒባሱን ሁለቴ ዞረ። ዱርቤቴ ላይ ረዳቱ ሰው ሲጠራ እንደገና ወርዶ መዞር ጀመረ።

«መሪጌታ፣ መኪናዋን ሊባርኩልን ነው?» አለ ሾፌሩ ጥምጥሙን አይቶ። «ሰባት ጊዜ ይዙሩልን እንግዲህ፤ ጎማዋ አርጅቷል።»

ተሳፋሪው ሳቀ። ወንድሜም ሳቀ። ሲዞር ጀርባው እየቀና፣ እርምጃው እየሰፋ ሲሄድ በመስኮት አየሁት። ደብተሬን ግን አላወጣሁም።

የዓይን ሐኪሙ በመሣሪያው ካየው በኋላ ያልጠበቅነውን ጠየቀ። «ጠዋት ጠዋት ጀርባዎን ያምዎታል?»

«ዓይኑን ነው ያመጣነው» አልኩ እኔ ቀድሜ።

«ዓይኑንማ አየሁት። የውስጠኛው ክፍል ብግነት ነው። እንዲህ ያለ ዓይን በወጣት ላይ ሳይ ስለ ጀርባው እጠይቃለሁ።» ጠብታ ሰጠውና የመገጣጠሚያ ሕመም ወደምታክም ሐኪም ጻፈልን።

ሐኪሟ ራጅ አስነሳችው። የዳሌውና የአከርካሪው መገጣጠሚያ ጠርዙ ተበልቷል፣ ግን ገና አልተጣበቀም አለች። አባቱ ጎብጠው እንደነበር ሲነግራት ራሷን ነቀነቀች። ከዚያ ስለ ጠዋቱ ስትጠይቀው ደብተሩን አውጥቼ ሰጠኋት። ገጹን ገለጠች፤ ሌላ ገጽ ገለጠች፤ መነጽሯን አወረደች።

«ይህን ማን ሠራው?»

«እኔ ነኝ። መምህርት ነኝ።»

«በጣም ግሩም ሥራ ነው! ሰው ሁሉ ‹ያመኛል› ብሎ ይመጣል፤ መቼ እንደሚብስበት፣ መቼ እንደሚቀለው የሚነግረኝ የለም። የምርመራው ግማሽ እዚህ ላይ ተጽፎ አለቀ።»

ዕድሜዬን ሙሉ ወንድሜ አጠገቤ ባለበት እንዲህ ያለ ቃል ስጠብቅ ኖሬያለሁ። አንድ ትንፋሽ ያህል ደስ አለኝ። ከዚያ ጣቷ በቀይ ባሰመርኩት የእሑድ ረድፍ ላይ ወረደ።

«እሑድ ሦስት፣ ሰኞ ሰባት። እሑድ ሦስት፣ ሰኞ ስምንት። እሑድ ምን ያደርጋሉ?»

«ማኅሌት እቆም ነበር። እሰግድ ነበር።»

«ነበር? ለምን ተዉ? ለዚህ በሽታ ዋናው ጠላት መተኛት ነው። የተንቀሳቀሰ ይለቀዋል፣ የተኛ ይደርቃል። ቀጥ ብሎ መቆሙ፣ ደረትን ሞልቶ ማዜሙ እኮ እኔ የማዘው ነው። ማን ነው ያስተወዎት?»

ወንድሜ ወደ እኔ አልዞረም፤ አንገቱ እንደ አባታችን መሆን ጀምሯል። ባልታመመው ዓይኑ ግድግዳውን እያየ «የተማረ ሰው» አለ።

ሐኪሟ ሳቀች፤ ቀልድ መሰላት።

ክኒን አዘዘችለት፤ በባዶ ሆድ እንዳይወሰድ አስጠነቀቀች። ስግደቱንም ቀስ በቀስ እየጨመረ እንዲጀምር፣ የሚያሳምም ከሆነ እንዲቀንስ ነገረችው። በተጨማሪም ደም አስቀድታ አንድ ምልክት ለማስፈተሽ ወደ አዲስ አበባ እንደምትልክ ነገረችን። ኤችኤልኤ ቢ ሃያ ሰባት ይባላል። ይህንን ማስረዳት የእኔ ሥራ ስለሆነ በመመለሻው መንገድ ለወንድሜ ያስረዳሁትን እዚህም እደግመዋለሁ።

ቡሬ የእህል ገበያ የቆመ ሰው አይቶታል፤ ነጋዴው ጆንያውን ሁሉ አይዘረግፍም። ውስጡ ክፍት በሆነ ሹል ብረት ወጋ ያደርግና ጥቂት ፍሬ በመዳፉ ያያል። በቆሎው ነቅዞ ከሆነ ከዚያች እፍኝ ይታወቃል። የሰውነታችን ሴሎችም በውስጣቸው ካለው ቅንጣት እያወጡ በላያቸው ላይ ያሳያሉ። ያ የሚያሳዩበት መዳፍ ነው ኤችኤልኤ። ጠባቂ ሴሎች እየዞሩ መዳፉን ያያሉ፤ የቤት ከሆነ ያልፋሉ፣ ባዕድ ከሆነ ይዋጋሉ። የመዳፉ ቅርጽ ከሰው ሰው ይለያያል፤ አንዱን ከእናት፣ አንዱን ከአባት እንወርሳለን። ከብዙዎቹ ቅርጾች አንዱ ቢ ሃያ ሰባት ነው። ምክንያቱ ገና ጠርቶ ባይታወቅም፣ ይህ ቅርጽ ባላቸው አንዳንድ ሰዎች ላይ ጠባቂዎቹ በራሳቸው ቤት ላይ እሳት ይለኩሳሉ፤ በአከርካሪ፣ በዳሌ፣ አንዳንዴም በዓይን። ልብ በሉ፣ ምልክቱ ራሱ በሽታ አይደለም። ብዙዎቹ ይዘውት ይኖራሉ፣ አይታመሙም፤ ሳይኖራቸው የሚታመሙም አሉ።

«እንግዲያ ከአባታችን ነው የወረስኩት?» አለ ወንድሜ።

«ሳይሆን አይቀርም።»

ያልነገርኩት አንድ ነገር አለ። እሱ ደም ሲሰጥ እኔም እጅጌዬን ሰብስቤ ነበር። ሐኪሟ «የሚያምሽ ነገር አለ?» አለችኝ። «የለም።» «ቢገኝብሽም ለጤነኛ የምሰጠው መድኃኒት የለኝም፤ ምን ይጠቅምሻል?» «ለትምህርት» አልኳት፤ የእኔንም አስቀዳች። ውሸት ነበር። አባታችን ለእኔም አንድ ነገር ሰጥተውኝ እንደሆነ ማወቅ ፈልጌ ነው።

በማግስቱ ወደ ንስሐ አባታችን ሄድኩ። ስለ ዓይኑ፣ ስለ ጀርባው፣ ስለ ክኒኑ በቅደም ተከተል አስረዳሁ። እስክጨርስ ጠበቁኝ።

«ቆይ» አሉ፤ «በቀደም መጥተሽ ‹ይጹም እንጂ አይስገድ› አልሽኝ። ዛሬ ‹ይስገድ እንጂ አይጹም› ትዪኛለሽ። ይኸ ትምህርታችሁ በየስንት ሳምንቱ ነው የሚገለበጥ?»

«አይጹም አላልኩም፣ አባታችን። ከክኒኑ በፊት ጠዋት ጥቂት ይቅመስ ነው ያልኩት።»

«በሽሮ ይሁን። የጾሙን ሰዓት ፈትቼለታለሁ። ስግደቱንም መልሼለታለሁ።» ከዚያ ዓይናቸውን ጠበብ አድርገው «ባለፈው ግን ቸኩለሽ ነበር፣ ልጄ» አሉ። «በጣም ቸኩለሽ ነበር።»

«ሳይንስ እየታረመ ነው የሚሄደው» ብዬ ወጣሁ። መታረም የነበረበት ሳይንስ እንዳልሆነ እሳቸውም ሳያውቁ አልቀሩም።

ወንድሜ መቋሚያውን አወረደ። መጀመሪያ አሥር ስግደት፣ በሦስተኛው ቀን ሃያ። ዓይኑ ጠራ። ለመነሳት አንድ ሰዓት፣ ከዚያ ሃምሳ፣ ከዚያ ሠላሳ አምስት ደቂቃ። የምጽፍበት እጄ ከባድ ነበር። እየዳነልኝ በመሆኑ ደስ ብሎኛል፤ ግን የዳነው በአባታችን መንገድ ነው፤ እኔ የዘጋሁበት መንገድ ነው።

የደሙ ውጤት የደረሰኝ ከሆሣዕና በፊት ዓርብ ዕለት ነው። በመምህራን ማረፊያ የፈተና ወረቀት እያረምኩ ሳለ ስልኬ ላይ ሁለት ፎቶ መጣ። የወንድሜ፣ ተገኝቷል። የእኔ፣ አልተገኘም።

ዘር ዕጣ ነው። ሁለት ዕጣ ከጨበጠ እጅ አንዱን እንደመሳብ ነው፤ አባታችን ቢ ሃያ ሰባት ከነበራቸው፣ ለእያንዳንዳችን የመድረሱ ዕድል እኩል ነበር። ይህንን በጥቁር ሰሌዳ ላይ ስንት ጊዜ ስያለሁ! ለማንም ወገን አያደላም ብዬ አስተምሬያለሁ። አንድ ጤነኛ ሰው «አልተገኘም» የሚል ወረቀት ሲያይ ተመስገን ይላል። እኔ ግን መጀመሪያ ያልኩት «ይህንንም ለእሱ» ነው። የሰውን ሕመም፣ የሰውን የተበላ አጥንት ተመኘሁ። ቀይ እስክሪብቶዬ ጠረጴዛው ላይ ተንከባለለ። ቅናት እዚህ ድረስ እንደሚያደርስ ያን ቀን ነው ያየሁት፤ መቋሚያውን ያሰቀለው እጅ የማን እንደሆነም ያን ቀን ነው ለራሴ የነገርኩት።

ለስቅለት ወደ ገጠር ሄድኩ። በአገራችን በዚያ ቀን ከጠዋት ጀምሮ ይሰገዳል፤ ወንዱ በወንድ በኩል፣ ሴቱ በሴት በኩል። ሲመሽ ደግሞ እያንዳንዱ ሰው ቄስ ፊት ይቀርባል፤ ኃጢአቱን ይናገራል፣ በወይራ ቅጠል ጀርባውን ይጠበጠባል፣ የሚሰግደው ስግደት ይነገረዋል። እኔ የቆምኩበት ሰልፍ የንስሐ አባታችን ፊት አደረሰኝ።

«ምን አለብሽ፣ ልጄ?»

«ቀንቻለሁ።»

«በማን?»

«በወንድሜ። ያኔ ከስግደት ይፍቱት ያልኩት ለጀርባው ብዬ ብቻ አልነበረም። ከዚያ ቦታ እንዲወርድልኝ ነበር።»

ወይራው አየር ላይ ቆመ። ከኋላዬ ያለችው ሴትዮ ሳል ቢጤ አሰማች። ከዚያ ጀርባዬን ሦስት ጊዜ፣ በቀስታ፣ መታ መታ አደረጉኝ።

«ሳልመረምር ‹እሺ› ያልኩ እኔም አለሁበት» አሉ። «መቶ ስገጂ። እኔም እሰግዳለሁ።»

ወንድሜ ከቤተ ክርስቲያኑ አጥር ጥግ መቋሚያውን ተደግፎ ይጠብቀኝ ነበር። ቀኑን ሙሉ ሰግዶ ጀርባው እንደ ሸንበቆ ቀጥ ብሏል።

«ስንት ሰጡሽ?»

«መቶ።»

«ኧረ! ፈተና ሰርቀሽ ነው?»

ነገርኩት። በቅደም ተከተል አልነበረም፤ ከመጨረሻው ጀምሬ፣ መሀሉን ረስቼ፣ ወደ ጎተራው ተመልሼ ነገርኩት። ስጨርስ መቋሚያውን አየ። ለመነሳት አንድ ሰዓት ከአሥር ደቂቃ የፈጀበትን ጠዋት እያሰበ እንደሆነ ገባኝ።

«መቋሚያውን ነበር የፈለግሽው?»

«አይደለም። አንድ ቀን አባታችን ለእኔም እንዲሉኝ ነበር።»

ምን እንዲሉኝ አልጠየቀም። «በጣም ተሰቃይቻለሁ እኮ፣ እህትዓለም» አለ ቀስ ብሎ። ይቅር ብዬሻለሁ አላለም፤ አልጠየቅኩትም። መቋሚያውን ጨበጠና «በይ ጀምሪ፤ እቆጥርልሻለሁ» አለ።

ጀመርኩ። እስከ ሠላሳ ደህና ነበርኩ። በአርባዎቹ ስግደቴን ማሳጠር ጀመርኩ። ሃምሳ ሦስተኛው ላይ ግንባሬን ወደ መሬት ጣል አድርጌ ብድግ ልል ስል መቋሚያው ከፊቴ መሬቱን ነካ።

«ግንባርሽ መሬት አልደረሰም» አለ ወንድሜ፤ ድምፁ ቁርጥ አባታችን። «ድገሚው።»

ደገምኩት።

ቅዳሜ ጠዋት ስነቃ ጀርባዬ አልታዘዝ አለኝ። በጎኔ ዞርኩ፤ እግሮቼን አንድ በአንድ አወረድኩ፤ እጆቼን ጉልበቶቼ ላይ ተከልኩ። ወንድሜ ደጃፉ ላይ ቀጥ ብሎ ቆሟል። በአንድ እጁ ደብተሬን ይዟል፣ በሌላው የአባታችንን የእጅ ሰዓት።

«አሥራ ስምንት ደቂቃ» አለ እየጻፈ። «ከአሥር ስንት ልበል?»

«ስምንት» አልኩት። በአቋቋሙ ቀናሁበት።